በረዶው የተጠረገላቸው ስድስት መደቦች

ከጀበል አማን የተነሣሁት ማክሰኞ ጠዋት አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ነው። ዘመድ ልጠይቅ አይደለም የሄድኩት፤ በዚያ በወረርሽኝ ጊዜ ማን ማንን ይጠይቃል? የሄድኩት የሞቱና ያልሞቱ ተክሎችን ልቆጥር ነው። ይህን ለእናቴ በስልክ ስነግራት፣ «ዐረብ አገር ድረስ ሄደሽ ሣር ትቆጥሪያለሽ?» ብላ እስኪያስላት ሳቀችብኝ። እናንተም ብትስቁ አልቀየምም። ግን ነገሩን ከሥሩ ላስረዳችሁ።

የምሠራው ጡረታ በወጡ የዕፅዋት መምህርት ቤት ነው። ሰው ሁሉ «ዶክቶራ» ይላቸዋል፤ እኔም እንደ ሰው ሁሉ። ሰባ ስምንት ዓመታቸው ነው፣ ሳምባቸው ደካማ ነው፣ በሽታው ከገባ ጀምሮ ከደጃፋቸው አልፈው አያውቁም። ዕድሜያቸውን የፈጁት የብርድ አገር ተክሎችን ሲያጠኑ ነው። ዮርዳኖስን በረሓ ብቻ አድርጎ ለሚያስብ ሰው ይህ ይገርመዋል። አማን ግን ኮረብታ ላይ ኮረብታ የተደራረበባት ከተማ ናት፤ ክረምቷ አጥንት ይሰብራል፣ አንዳንድ ዓመትም በረዶ ይጥልባታል። ዶክቶራ ከፍ ካሉ የብርድ ተራሮች ዘር ለቅመው አምጥተው፣ ከዋዲ ሲር በላይ በወረሱት የአባታቸው መሬት ላይ ዘርተውታል። ሊያውቁ የፈለጉት አንድ ነገር ነው፤ ዓለም እየሞቀ ሲሄድ ብርድ የለመደ ተክል ምን ይሆናል?

አሥራ አንድ ዓመት በየጸደዩ ራሳቸው ወጥተው ቆጥረዋል። አሥራ ሁለተኛው ላይ በሩ ተዘጋባቸው። ይህ ደግሞ የመጨረሻው ቆጠራ ነው፤ ከዚህ በኋላ መዝገቡን ለቀድሞ ተማሪዎቻቸው ሊያስረክቡ ነው። ይህ ክረምት ቢበላሽ የሚደግሙበት ጊዜ የላቸውም። እሳቸው እንዲህ ብለው አልነገሩኝም። መድኃኒታቸውን በሰዓቱ የምሰጣቸው እኔ ስለሆንኩ ግን አውቀዋለሁ።

እኔ ከስምንተኛ ክፍል ያቋረጥኩ ሰው ነኝ። አረብኛ ያስተማረኝ ቴሌቪዥን ነው፣ ማንበቡን ደግሞ የቅመም ዕቃ ላይ ካለው ጽሑፍ ነው የጀመርኩት። የሙቀት መለኪያ ማንበብን ዶክቶራ በወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ አሳዩኝ፤ አንዱን ብርጭቆ በበረዶ ውሃ፣ ሌላውን በሻይ ሞልተው፣ መለኪያውን ከአንዱ ወደ አንዱ እየነከሩ። ከዚያ ወዲያ ወደ ኮረብታው የምላከው እኔ ሆንኩ።

ከቤት ስወጣ

ዶክቶራ በሩን ገርበብ አድርገው ቆሙ። ከማማቸውን፣ ማለቴ የአፍ መሸፈኛቸውን፣ እስከ ዓይናቸው ሥር ስበውታል። ቦርሳውን አቀበሉኝ፤ ከሽቦ የተሠራ አራት ማዕዘን መቁጠሪያ፣ ጠንካራ ሽፋን ያለው ደብተር፣ ሁለት እርሳስ፣ ላጲስ፣ ለፖሊስ የማሳየው ደብዳቤ።

ከግራ ጀምሪ አሉኝ። ሁለት ጊዜ ቁጠሪ፣ ሁለቱ ካልተስማሙ ሦስተኛ ቁጠሪ። ይህንን እኔም በቃሌ ይዤዋለሁ፤ ቢሆንም እስኪጨርሱ ሰማኋቸው። ልሄድ ስል ነው እንግዲህ ያችን ነገር የጨመሩት።

«ከበረዶው በኋላ ምን እንደሆኑ ሳስብ ነው የከረምኩት። ሂጂ ሲንዱ፤ ዓይኔ አንቺ ነሽ።»

ስሜ ስንዱ ነው፤ በእሳቸው አፍ ሲንዱ ነኝ። ቦርሳውን አንግቤ ከዓይናቸው ለመሸሽ ደረጃውን በሩጫ ወረድኩ። ለምን እንደሸሸሁ ለእሳቸው ያልነገርኩትን ለእናንተ ልንገራችሁ።

በየካቲት በረዶ በጣለ ማግስት ዶክቶራ መለኪያዎቹን አንብቤ እንድመለስ ልከውኝ ነበር። ጥር እንደ ግንቦት ሞቆ ስለነበር፣ ተክሎቹ ጊዜው የደረሰ መስሏቸው ለምለም እምቡጥ አውጥተው ነበር። ያን ቀን ስደርስ ግን መሬቱ ሁሉ ነጭ ነው። አሥራ ሁለቱ መደቦች፣ በሁለት ረድፍ ስድስት ስድስት ሆነው፣ አዲስ መቃብር መስለው ተኝተዋል። እኔ ያደግኩት ከደብረ ብርሃን ወዲያ ነው፤ በእኛ ዘንድ ከሰማይ የሚወርድ ነጭ ነገር የእህል ጠላት ነው። ባቄላ በአንድ ከሰዓት በኋላ ሲረግፍ አይቻለሁ። እዚህ ደግሞ በሠራሁባቸው ቤቶች ሁሉ በረዶ በጣለ ጠዋት የመጀመሪያው ትእዛዝ አንድ ነው፤ ቀልጦ ወደ ቤት ሳይገባ በረንዳውን ጥረጊ፣ ጣሪያውን ጥረጊ። እጄ የለመደው ይህንን ነው። ከመሣሪያ ቤቱ መጥረጊያ አወጣሁና የመጀመሪያውን ረድፍ ጠረግኩላቸው። ቀስ ብዬ፣ እምቡጡ እንዳይሰበር፣ ጫፉን በጣቴ እያራገፍኩ። ስድስተኛው ላይ ስደርስ ባለታክሲው መንገዱ በረዶ ሊሠራ ነው ብሎ ጡሩምባ ነፋ። ሁለተኛውን ረድፍ ሳልነካው ወረድኩ።

በዚያን ሌሊት እንቅልፍ የነሡኝ ያልጠረግኩላቸው ስድስቱ ናቸው። ታፍነው ሞቱ እያልኩ ስገላበጥ አደርኩ።

ከሳምንት በኋላ ዶክቶራ ምሳ ላይ፣ ሾርባቸውን እያማሰሉ፣ በረዶ ለተክል ብርድ ልብሱ ነው ብለው ነገሩኝ። ከላይ ያለው አየር ከዜሮ በታች ሰባት ቢወርድ እንኳ ከበረዶው ሥር ያለው አፈር ዜሮ አካባቢ ላይ ይቆማል። በረዶው በጣለ በሁለተኛው ቀን ሰማዩ ጠርቶ ብርዱ ከርሮ ነበር። «ደግነቱ ተሸፍነው ነበር» አሉ። እኔ ጭልፋውን ይዤ ቆሜያለሁ። ያኔ መናገር ነበረብኝ። ተጨማሪ ሾርባ ይፈልጉ እንደሆነ ጠየቅኳቸው።

እንግዲህ ያን ማክሰኞ ስሄድ በልቤ የያዝኩት ቆጠራውን ብቻ አይደለም። ስድስቱ በሕይወት ካሉ ነገሩ ከእኔ ጋር ይቀራል። ከሞቱ ግን የዶክቶራን የመጨረሻ ክረምት ያበላሸሁት እኔ ነኝ።

ሁለት ሰዓት፣ ሽሜሳኒ

ባለታክሲው አቡ ኸሊል ነው፤ ጎረቤታችን፣ ስድሳውን ያለፈ፣ ጨዋታ የሚወድ ሰው። እሱ «ያ ቢንቲ» ይለኛል፣ ልጄ ማለቱ ነው፤ እኔ «አሞ» እለዋለሁ፣ እንደ አጎት። የቀኑ ዋጋ ሃያ አምስት ዲናር ነው፤ ወረርሽኙ ሥራውን ስለገደለበት በዚያ ዋጋ ጨረቃም ድረስ እወስድሻለሁ ይላል።

መጀመሪያ የሄድነው ሽሜሳኒ ነው፤ የዶክቶራ የቀድሞ ተማሪ ከቢሮው የናሙና ከረጢቶች ትቶልን ነበር። ሽሜሳኒን ድሮ የማውቃት ሰውና መኪና ሲጋፋባት ነው። ያን ቀን የሆቴሎቹ መስኮት ሁሉ መጋረጃው ተዘግቷል፤ የአንዱ ሆቴል በረኛ ከወንበሩ ጋር ፀሐይ እየተከተለ ይዞራል። የቢሮው ጥበቃ ሙቀት መለኪያውን ግንባሬ ላይ ደቅኖ ሠላሳ አራት አለኝ። በሠላሳ አራት የሚራመድ ሰው የለም፣ መለኪያህ ተበላሽቷል አልኩት። ገርሞት ወደ ራሱ ግንባር አዞረው፤ እሱም ሠላሳ አራት ሆነ። አቡ ኸሊል ሁለታችሁም ሬሳ ናችሁ፣ ከረጢቱን ስጧትና እንሂድ አለ።

ከመንገድ ዳር ከዕክ ገዛን፤ ሰሊጥ የተነሰነሰበት ክብ ዳቦ ነው፣ ከእንቁላል ጋር ግማሽ ዲናር። ሁዳዴ ስለሆነ እኔ እንቁላሉን ትቼ ዛዕተር የሚሉትን የቅጠል ቅመም ብቻ አስደረግኩ። አቡ ኸሊል የእኔን እንቁላል ከራሱ ላይ ደረበና ጾምሽ ተስማምቶኛል አለ። ረመዳን ሲገባ እኔም በፊትህ ሳኝክ ታየኛለህ አልኩት።

ወደ ኮረብታው

ዱዋር የሚሏቸውን አደባባዮች በየቁጥራቸው እያለፍን፣ ከስምንተኛው በኋላ ወደ ዋዲ ሲር አቅጣጫ ወረድን፣ ከዚያ እንደገና ሽቅብ። ከተማው ወደ ኋላ ሲቀር አየሩ ይለወጣል። የወይራ ዛፎች፣ የድንጋይ አጥሮች፣ በየድንጋዩ ሥር ቀይ አበባ። የአልሞንድ ዛፉ አበባውን አራግፎ ቅጠል ይዟል፤ አቡ ኸሊል በልጅነቱ በዚህ ወቅት ገና አበባ ላይ እንደነበረ ነገረኝ። ይህን ሳልጠይቀው ነው የነገረኝ። እንዲህ ያለውን ነገር የገጠር ሰው ሁሉ ያውቀዋል፤ ዶክቶራ የሚለዩት በደብተር ስለሚጽፉት ነው።

መንታ መንገድ ላይ ፖሊስ አስቆመን። ኢቃማዬን፣ የመኖሪያ ፈቃዴን፣ አገላበጠና የት እንደምሄድ ጠየቀኝ። ተክል ልቆጥር አልኩት። አቡ ኸሊልን አየው። አቡ ኸሊል በኩራት ራሱን ነቀነቀ። ፖሊሱ የዶክቶራን ደብዳቤ አንብቦ ሲመልስልኝ፣ የአያቱም በለስ በዚህ ዓመት ያለጊዜው አቆጥቁጦ በብርድ ተመታ፣ እሱንም ቁጠሪልን አለኝ። አሳልፎን ስንሄድ አልሳቅኩም።

አራት ሰዓት ተኩል፣ መደቦቹ ጋ

ኮረብታው ራስ ላይ ነፋሱ ስል ነው። ከወዲያ ሸለቆው ይታያል፤ ከወዲህ አማን፣ ነጭ ቤቶቿ እንደ ተደፋ ስኳር። አቡ ኸሊል መኪናው ውስጥ ቀረ፤ እኔ አጥሩን ከፍቼ ገባሁ።

ተክሎቹን ላስተዋውቃችሁ። ቁመት የላቸውም። እንደ ትንሽ ትራስ ድብልብል ብለው መሬት ላይ የሚለጠፉ ናቸው፤ ቅጠላቸው የመርፌ ጫፍ ያህላል፣ እርስ በርስ ተቃቅፈው ነው ብርዱን የሚያሳልፉት። ሲያብቡ ሐምራዊ ናቸው።

ከግራ ጀመርኩ። ግራው የጠረግኩት ረድፍ ነው። የሽቦውን መቁጠሪያ አንደኛው መደብ ላይ አስቀምጬ ተንበረከክኩ። ትራሶቹ ቅርጻቸው አለ፣ ከሩቅ ደኅና ይመስላሉ፤ ቀለማቸው ግን የደረቀ ሻይ ቅጠል ነው። አንዱን ነካሁት። እምቡጡ ጣቴ ላይ ዱቄት ሆነ። ሁለተኛው መደብ እንደዚያው። ሦስተኛው ላይ ሁለት ነፍስ ያላቸው አገኘሁ፣ ከድንጋይ ጥግ የነበሩ። አራተኛው፣ አምስተኛው፣ ስድስተኛው የለም። ሁለት ጊዜ ቆጠርኩ። ተስማሙ። ሦስተኛ ጊዜም ቆጠርኩ፤ ትእዛዝ ስለሆነ ሳይሆን፣ ምናልባት የሚለወጥ ነገር ቢኖር ብዬ።

ከዚያ ወደ ሁለተኛው ረድፍ ዞርኩ። ያልጠረግኩላቸው፣ እንቅልፍ አጥቼ ያዘንኩላቸው። አረንጓዴ ናቸው። ከመደቡ ጥቂት ብቻ ነው የጎደለው፤ የቀሩት እምቡጣቸውን ሊከፍቱ ደርሰዋል፣ አንዱ እንዲያውም ከፍቷል። በሁለቱ ረድፎች መካከል ያለው መንገድ የአንድ ሰው እርምጃ ነው። በአንድ እርምጃ ግራና ቀኝ ሞትና ሕይወት ተቀምጠዋል፤ በመካከላቸው ያለፈው መጥረጊያዬ ብቻ ነው።

አቡ ኸሊል የሻይ ፔርሙዙን ይዞ መጣ። ደረቁን ረድፍ አይቶ፣ ከማማ ሳያደርጉ ተቀምጠው ነው ሊል ጀመረና ፊቴን ሲያይ ተወው። ሻይ ቀዳልኝ። ያን ቀን ጡሩምባ የነፋው እሱ ነው፣ መጥረጊያ ይዤ ያየኝም እሱ ነው። 

ደብተሩ ላይ ቁጥሩን በየመደቡ በትክክል አሰፈርኩ። ከቁጥሩ ቀጥሎ አንድ ሰፊ ዓምድ አለ፤ ምክንያት የሚጻፍበት። እዚያ ላይ እርሳሴ ቆመ። ባዶውን ትቼ ደብተሩን ዘጋሁት። ከየረድፉ ሁለት ሁለት ተክል ከነአፈሩ ነቅዬ በከረጢት አድርጌ ተነሣሁ።

ስምንት ሰዓት፣ ሳሃብ

ናሙናዎቹ በወረርሽኙ የተዘጋው የዶክቶራ ተማሪዎች ቤተ ሙከራ እስኪከፈት በብርድ መቆየት አለባቸው። ዶክቶራ ለዚህ የሚጠቀሙት ሳሃብ ውስጥ ያለ የፍራፍሬ ማቀዝቀዣ መጋዘን ነው፤ ባለቤቱ ዘመዳቸው ነው፣ አንዲት መደርደሪያ ሰጥቷቸዋል። ከኮረብታው በናኡር በኩል ወርደን፣ የአውሮፕላን ማረፊያውን መንገድ ተሻግረን ወደ ምሥራቅ ስንሄድ አረንጓዴው እያለቀ አቧራው ይጀምራል። ሳሃብ የፋብሪካ አገር ነው። በየበሩ ከባድ መኪና ተሰልፏል፤ ሠራተኞች በየሁለት ሜትሩ በተቀባ ቢጫ ክብ ውስጥ ቆመው ተራ ይጠብቃሉ። ፈላፍል በዳቦ በልተናል፣ ሠላሳ አምስት ቂርሽ፣ የዲናር ሲሶ ያህል፤ ከአማን ርካሽ ነው፣ ዘይቱ ግን ሰንብቷል።

መጋዘኑን የከፈተችልኝ ዘይነባ ናት። የወሎ ልጅ ናት፤ የባለቤቱ ቤት ሠራተኛ ሆና ሳምንት ሁለት ቀን መጋዘኑን ታጸዳለች። የመጣነው በአንድ አውሮፕላን ነው፤ ከዚያ ወዲህ እህቴ ናት።

ከሩቅ አየችኝና በእጇ አስቆመችኝ። «ፊትሽ ምን ሆኗል? በሽታው ይዞሽ ከሆነ እዚያው ቁሚ።»

«ገድዬ ነው የመጣሁት።»

«ስንት?»

«ስድስት መደብ።»

ማቀዝቀዣው ውስጥ የሚለበስ ወፍራም ካፖርት አለ፤ አንዱን ለእኔ ወረወረችልኝና ገባን። በፖም ሣጥኖች መካከል፣ በአፋችን እንፋሎት እየወጣ፣ ሁሉንም ነገርኳት። ዘይነባ ስትሰማ እጇ ሥራ አይፈታም፤ ሣጥን እየወለወለች ነው የሰማችኝ። ስጨርስ መፍትሔው ተዘጋጅቶ ጠበቀኝ። ፍየል በላው በይ አለችኝ። አጥር ጥሶ ገባ፣ በላ፣ ሄደ። ፍየል አይከሰስ፣ ፍየል ኮንትራት አይቋረጥበት። ማዳም ሁሉ ስትወድሽ ልጄ ናት ትላለች፣ ስታጠፊ ግን ቲኬትሽን ነው የምትቆርጠው። ይህን ስትል በቀልድ አይደለም፤ ከዚህ በፊት የነበረችበትን ቤት አውቀዋለሁ።

እውነቴን ነው የምላችሁ፣ ደብተሩን አውጥቼ በእርሳስ ጻፍኩት። ፍየል በላው። ሁለት ቃል። ስጽፈው ልቤ ቀለለኝ፣ እንዲያውም ፈላፍሉን ሳልጨርስ ትቼው ስለነበር ርቦኝ እንደነበር ትዝ አለኝ፤ ዘይነባ የተመታ ፖም ሰጠችኝ።

ከዚያ ከረጢቶቹን መደርደሪያው ላይ ስታስቀምጥ ቆም አለች። ደረቁንና ለምለሙን ጎን ለጎን አየቻቸው።

«ቆይ እንጂ፤ ያልጠረግሽው ለምን ዳነ?»

ዶክቶራ እንዳስረዱኝ አስረዳኋት። ጥር ያለ ወጉ ሞቀ፤ ተክሉ ተታለለና አቆጠቆጠ፤ እምቡጡ ገና ለጋ እያለ ብርዱ ተመለሰ። በረዶ የተከናነበው ብርዱን አላወቀውም፣ የተገለጠው ተቃጠለ። ዘይነባ ሣጥን መወልወሏን ተወች። አባቷ ለብዙ ዓመት የሚረግሙት ብርዱን እንደነበረ ነገረችኝ። ገብሳቸው ያለጊዜው በሞቀ ወቅት ቶሎ ይደርስና ውርጭ ያገኘዋል፤ አባቷ ውርጭ ጨከነ ይላሉ። «አሁን ሳስበው፣ ያታለላቸው ሙቀቱ ነው» አለች። ቀጥላም እንዲህ ብላ ጠየቀችኝ፦

«እና ዓለሙ እንዲህ እየሞቀ ሄዶ በረዶው ጭራሽ መጣሉ ቢቀርስ?»

«ቢቀርማ፣ አንድ ቀን ብርድ ሲመጣ ሁሉም እንደኔ ስድስቱ ይሆናል።»

ከአፌ ሲወጣ ነው የሰማሁት።  ዶክቶራ ለዓመታት ሲጠይቁት ከኖሩት ነገር አንዱን ወገን አሥራ ሁለቱ መደቦች መልሰውታል፤ መልሱ የሚነበበው ግን መጥረጊያው ከተጻፈ ብቻ ነው። ፍየሉ ከተጻፈ ደረቁ ረድፍ ዝም ይላል፤ ለምለሙም አብሮት ዝም ይላል።

ዘይነባ ደብተሩን ከእጄ ወስዳ የጻፍኩትን አነበበችው። ላጲሱን ፈልጋ አቀበለችኝ።

«ፍየሉን አጥፊው» አለች። «ግን አብሽሪ፣ አይዞሽ እንዳልልሽ እፈራለሁ። ልብስሽን አጣጥፈሽ ጠብቂ።»

አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል፣ ቤት

ሃዝር፣ የሰዓት እላፊው፣ የሚጀምረው ከምሽቱ አንድ ሰዓት ነው። አቡ ኸሊል የሁሉም ሰው መኪና ወደ ቤቱ በሚሮጥበት መንገድ ላይ እየተጋፋ አደረሰኝ። ስወርድ ሂሳቡን ተቀብሎ፣ ያን ቀን ጡሩምባ ባልነፋ ኖሮ ሁሉንም ትጠርጊያቸው ነበር፣ ይህንንም ለዶክቶራ ንገሪያቸው አለኝ። ውለታ እየጠየቀኝ ይሁን እያጽናናኝ እስከ ዛሬ አላውቅም።

እንደ ልማዳችን ጫማዬን በረንዳ ላይ ተውኩ፣ ልብሴን ቀየርኩ፣ እጄን ሁለት ጊዜ ታጠብኩ። ዶክቶራ ከሳሎኑ ጫፍ፣ መስኮቱ ሥር ተቀምጠው ይጠብቁኛል። ቁጥሩን አነበብኩላቸው። የመጀመሪያውን ረድፍ ስጨርስ ዓይናቸውን ጨፈኑ። ሁለተኛውን ሲሰሙ ገለጡት።

«በአንድ እርምጃ ርቀት?» አሉ። «ለምን?»

ነገርኳቸው። ቆሜ ነው የነገርኳቸው። መጥረጊያውን፣ ጣሪያ መጥረግ የለመደ እጄን፣ ያዘንኩላቸውን ተክሎች፣ ሾርባውን የቀዳሁበትን ቀን፣ ዛሬ ሳሃብ ላይ ጽፌ ያጠፋሁትን ፍየል ሳይቀር።

ዶክቶራ መጮህ አይችሉም፤ ሳምባቸው አይፈቅድም። ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «ስድስት ሳምንት ሾርባ እያቀረብሽልኝ ዝም አልሽ» አሉኝ። ጩኸት ይሻለኝ ነበር።

ከዚያ ጥያቄ ጀመሩ። የቱን መደብ መጀመሪያ ጠረግሽ? ስንት ሰዓት ነበር? መጥረጊያው አፈር ነክቷል? በረዶው ጥልቀቱ ምን ያህል ነበር? እስከ የትኛው የጣትሽ አንጓ? የሦስተኛው መደብ ድንጋይ በየት በኩል ነው? የመርማሪ ጥያቄ ነው የሚመስለው። እኔ ደግሞ ስድስት ሳምንት ሙሉ በራሴ ውስጥ ስጠርገው የኖርኩት በረዶ ስለሆነ አንዱንም አልሳትኩም። ሲጨርሱ ደብተሩን ይዘው ወደ ክፍላቸው ገቡና በሩን ዘጉት። እኔ ወጥ ቤት ገብቼ ሩዝ አጠብኩ። ሁለት ጊዜ የታጠበ ሩዝ መልሼ አጠብኩ። ዘይነባ ያለችኝን አስቤ ልብሴ የት የት እንዳለ በልቤ ቆጠርኩ።

ሩዙ ሳይበስል ተመለሱ። ደብተሩን ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ ከፈቱት። በሁለቱ ረድፎች መካከል ቀጥ ያለ መስመር በቀለም አስምረዋል። የምክንያቱ ዓምድ ግን ባዶ ነው። ብዕሩን ሰጡኝ፤ እርሳሱን አይደለም፣ ብዕሩን።

«እኔ ስላላየሁት አልጽፈውም» አሉ። «አንቺ ጻፊው። በቋንቋሽ።»

በአረብኛው ደብተር መካከል በአማርኛ ጻፍኩ። የመጀመሪያውን ረድፍ በረዶ በእጄና በመጥረጊያ የጠረግኩት እኔ ነኝ፤ ሁለተኛውን አልነካሁም። አንብቢው አሉኝ፤ አነበብኩት። ተርጉሚው አሉኝ፤ ተረጎምኩት። በመጨረሻ ጣታቸውን ከጽሑፉ ሥር አስቀመጡና ስምሽን ከነአባትሽ አሉ። በአምስት ዓመት ውስጥ የአባቴን ስም በዚያ ቤት የጻፍኩት ያን ቀን ብቻ ነው።

ይቅርታ የሚል ቃል ከአፋቸው አልወጣም፤ ሁለት ቀን ሙሉ ከመድኃኒታቸው ሰዓት በቀር አላናገሩኝም። ተገቢ ነው። እኔም በእነዚያ ሁለት ቀናት ነው ጉዞውን መልሼ የተጓዝኩት፣ ይህንንም ማስታወሻ መጻፍ የጀመርኩት። የተማርኩት ነገር ትልቅ አይደለም፤ ግን ውድ ነው የከፈልኩበት። ማዘን መልካም ነው፤ ሆኖም የሚያዝኑለት ፍጥረት ምን እንደሚሻ ሳይጠይቁ እጅ መዘርጋት ይገድላል። ደግሞም እነዚያን ስድስት መደቦች አንድ ጊዜ በመጥረጊያ ገድያቸዋለሁ፤ በፍየሉ ቢሆን ኖሮ ሁለተኛ እገድላቸው ነበር።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት ዶክቶራ ከክፍላቸው ወጥተው የኮንትራቴ ጊዜ መቼ እንደሚያልቅ ጠየቁኝ። ዘይነባ ያለችው ቲኬት ታየኝ። ከሚመጣው ክረምት በፊት እንደሚያልቅ ነገርኳቸው።

«ጨምሪበት» አሉኝ፣ መነጽራቸውን እየጠረጉ። «በረዶ ሲጥል ኮረብታው ላይ እፈልግሻለሁ። የትኞቹን መደቦች እንደምትጠርጊ እኔ ነኝ የምነግርሽ።»